በአንድ ሽቦ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር፦ የሞኖላይን አሠራርና አስተካከል

በሽቦ የሚበር ሞዴል አውሮፕላን አብራሪውን መሃል አድርጎ ይዞራል። በተለመደው አሠራር ሽቦዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲሳብ ጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ) ወደ ላይ፣ ሌላው ሲሳብ ወደ ታች ይታጠፋል። የቴክሳሱ ቪክተር ስታንዘል ሞኖላይን ብሎ ያወጣው ዘዴ ግን አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ትእዛዙ የሚተላለፈው በመሳብ ሳይሆን ሽቦውን እንደ እንዝርት በማሽከርከር ነው።

ይህን ሁሉ ልፋት የሚያስከፍለው ፍጥነት ነው። ሁለት ባለ 0.4 ሚሊሜትር ሽቦዎች ለነፋስ የሚያጋልጡት ስፋት ሲደመር 0.8 ሚሊሜትር ነው። ያንኑ ጭነት የሚችል ነጠላ ሽቦ 0.57 ሚሊሜትር ይበቃዋል፤ ነፋሱ ሽቦውን የሚገታበት ኃይል 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለመገለባበጥ ትርዒት ግን አንመክረውም፤ ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ስለሚጠመዘዝ ትእዛዙ ዘግየት ብሎ ይደርሳል።

እጀታው ላይ የተጠማዘዘ ዘንግ አለ። በአንድ እጅ እጀታውን ይዘው በሌላው ዘንጉ ላይ ያለውን ተንሸራታች ወደፊት ሲገፉ ዘንጉ ከነሽቦው ይሽከረከራል፤ ወደ ኋላ ሲስቡ በተቃራኒው ይዞራል። አውሮፕላኑ ውስጥ ሽቦው ሌላ ጠመዝማዛ ዘንግ ያዞራል፤ እሱ ላይ የተቀመጠው ክንድ እንደ ብሎንና ዳዶ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ኤሌቬተሩን ያንቀሳቅሳል።

ሽቦው ድፍን ብረት ይሁን። የተገመደ ሽቦ ዙሩን እዚያው ውጦ ያስቀረዋል። መገናኛው ላይም በራሱ የሚሽከረከር ማያያዣ አይግባ፤ ከገባ እጀታው ይዞራል እንጂ ኤሌቬተሩ ንቅንቅ አይልም።

ሲያስተካክሉ ተንሸራታቹን ዘንጉ መሃል ያቁሙና ኤሌቬተሩን ይዩ። ቀጥ ካላለ ሽቦውን ከአውሮፕላኑ ፈትተው ጥቂት ዙር ያዙሩትና መልሰው ያያይዙ። ዋናው ፈተና ግን ጭነት ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን በ18 ሜትር ሽቦ በሰዓት 200 ኪሎሜትር ሲበር ወደ 8.7 ኪሎ ይስባል። ስለዚህ አንድ ሰው አውሮፕላኑን አጥብቆ ይያዝ፣ በሚዛን ያን ያህል እየሳቡ ተንሸራታቹን ያንቀሳቅሱ። ሽቦው ላላ ሲል ቀሎ የሚዞር፣ ሲሳብ ግን የሚይዝ ከሆነ ጥፋቱ ጭነቱን የሚሸከመው ኩሽኔታ ነው፤ አጽድተው ቀጭን ዘይት ይስጡት፣ ካልሆነ ይቀይሩት። ይህን ሳያዩ ማስነሳት አውሮፕላኑን መሬት ላይ መከስከስ ነው።

የታጠፈ ሽቦ በፒንሳ አይቃናም፤ ይጣላል። እጥፋቱ ላይ ዙሩ ይጠራቀምና በአንዴ ሲለቀቅ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ድንገት ይዘላል፤ ሽቦው የሚበጠሰውም እዚያው ነው። እጥፋት በብዛት የሚፈጠረው ሲነሣና ሲያርፍ ነው፤ የተጠመዘዘ ሽቦ ከላላ ራሱን ቋጥሮ ቀለበት ይሠራል። አውሮፕላኑ ወደ እርስዎ ሲቀርብ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወጥሩት። ሲጨርሱ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ይጠቅልሉት።

የእጀታውን ማሰሪያ አንጓዎ ላይ ሳያስሩ አያስነሱ። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ወይም ነጎድጓድ እያለ ደግሞ ከቶ አይብረር፤ በእጅዎ የያዙት ብረት ነው።