የውሻ ደም፣ ብግነትና ዘረመል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ስለ ውሻ ወሬ ከተነሳ ዘር ሳይነሳ አይቀርም። «ጀርመን ቶሎ ይታመማል፣ የሐበሻ ውሻ ግን ምንም አይነካውም» ይባላል። ደም ተመርምሮ ብግነትን (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለተህዋስ የሚሰጠውን ምላሽ) የሚያሳይ ቁጥር ሲመጣም ይኸው አባባል ተከትሎ ይገባል። ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቁጥሩን የበሽታ ስም አያድርጉት። ሲአርፒ የሚባለውን፣ ደም ውስጥ ብግነትን የሚጠቁም ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ነው። ጤነኛ ውሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች ይሆናል። ብግነት ሲነሳ በሰዓታት ውስጥ ይጨምርና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። አንዳንዴ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ማህፀን መግል ቢቋጥርም፣ መዥገር ኤርሊኪያ የሚባለውን ተህዋስ ቢያመጣም፣ ውሻው ቀዶ ጥገና ቢደረግለትም ይጨምራል። ሌላው ቀርቶ ጤነኛ እርጉዝ ውሻ ላይ እንኳ ከፍ ይላል።

ለሰው የተሠራውን መለኪያ ዝም ብሎ ለውሻ መጠቀምም ያው ስህተት ነው። የሁለቱ ፕሮቲን ቢመሳሰልም አንድ አይደለም፤ ለውሻ መሥራቱ የተረጋገጠ ዘዴ ያስፈልጋል። (ድመት ካለችዎት ደግሞ ሲአርፒን ይተዉት፣ እሷ ላይ ሴረም አሚሎይድ ኤ የሚባለው ሌላ የብግነት ፕሮቲን ይሻላል።)

አሁን ወደ ዘረመሉ እንምጣ። ትልቁ ስህተት እዚህ ነው፤ ዘርን ከኑሮ ጋር መደባለቅ። ባሕር ዳር በየግቢው ከታሰሩ ጀርመኖች፣ ከእንጅባራ ዙሪያ ደግሞ በጎችን ከሚጠብቁ የሐበሻ ውሾች ደም ቀዳን እንበል። ሲአርፒው ተለያየ። «በቃ፣ ዘሩ ነው!» ማለት ይቀናል። ግን አንዱ የትል መድኃኒት ይወስዳል፣ ሌላው ስሙንም ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ቤት የበሰለ ይበላል፣ ሌላው ያገኘውን ይለቃቅማል። የመዥገሩ ብዛት፣ ዕድሜውና ክብደቱም ይለያያል። ሁለቱን ቡድን ደባልቀን ዘረመላቸውን ብንፈትሽ ደግሞ ጀርመኖች ላይ የሚበዛ ማንኛውም የዘረመል ልዩነት፣ ከፕሮቲኑ ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ «ተጠያቂ» መስሎ ብቅ ይላል። ስለዚህ ውሾች የሚነጻጸሩት በየዘራቸው ውስጥ ነው፤ አለዚያም ዝምድናቸው በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። «የሐበሻ ውሻ ዘር የለውም» የሚለውንም እንርሳው። እንዲያውም ሰው መርጦ ካራባቸው ዘሮች ይልቅ የመንደር ውሾች በዘረመል እርስ በርሳቸው የተለያዩ ናቸው።

አንድ የማይታሰብ ወጥመድም አለ። መለኪያዎቹ ፕሮቲኑን የሚይዙት በፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንድን ነገር በቅርጹ ለይቶ በሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ነው። የዘረመል ልዩነቱ የፕሮቲኑን ቅርጽ ትንሽ ከቀየረው መለኪያው በደንብ አይዘውም። ያኔ መጠኑ ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል፣ ተመራማሪውም «መጠኑን የሚወስን ዘረመል አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ግኝቱን በሌላ ዘዴ ሳይለኩ አለማመን ነው።

ፕሮቲኑን ከፍ የሚያደርግ ዘረመልን ደግሞ በቀጥታ የበሽታ ዘረመል አይበሉት። አንዱ ከሌላው ጋር የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሻር ፔይ የሚባሉት የቻይና ውሾች ላይ በ2011 የታየው ጥሩ ምሳሌ ነው። ሀስ2 ከሚባል ዘረመል አጠገብ ያለ ቁራጭ ተደጋግሞ መገኘቱ ከተጨማደደው ቆዳቸውም፣ እየተመላለሰ ከሚያማቸው ትኩሳትም ጋር ተያይዟል። ሰው ቆዳውን ወዶ ሲያራባ ትኩሳቱም አብሮ መጣ። ይሁንና ይህ የሻር ፔይ ታሪክ ነው፤ ለጀርመኑም ለሐበሻውም አይሠራም።

መጨረሻ ላይ መድኃኒት። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ፣ ለማሳከክም የሚሰጡ ስቴሮይድ መድኃኒቶች ውሻ ላይ ሃፕቶግሎቢን የሚባለውን ሌላ የብግነት ፕሮቲን ራሳቸው ከፍ ያደርጉታል። ባለቤቱ «ባለፈው ሳምንት ስላከከው አንድ መርፌ ወግተውታል» ካለ፣ ያ መርፌ ምን እንደነበር ተጠይቆ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ናሙናው ማቀዝቀዣ አይግባ።