የተሰበረ የመለኮሻ ማውጫ ፒን እንዴት ይቀየራል?

«ጧ» ይላል። ጥይት ዳግም የምንሞላበት መሣሪያ፣ የፕሬሱ፣ እጀታ ድንገት ይቀላል፤ ወይም ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀለሁን ስታወጡት የተተኮሰው መለኮሻ ከነቦታው አለ። ዳዩን ከስር ስታዩት ደግሞ ያቺ ቀጭን ፒን የለችም። ጥይት ዳግም የሚሞላ ሰው ይህን ድምፅ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም።

ፒን መቀየር ራሱ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ ብዙዎቻችን አዲሱን ፒን ገጥመን ወዲያው መቀጠላችን ነው። እኔ በአንድ ከሰዓት ሦስት ፒን ተከታትሎ ተሰብሮብኛል። ሦስቱንም የሰበረው አንድ ዓይነት ቀለህ ነበር፤ ከክምሩ ጋር ተደባልቆ የገባ። የመጀመሪያው ሲሰበር ቀለሁን በባትሪ ባየው ኖሮ ሁለቱ ይተርፉልኝ ነበር። ለዚህ ነው መፍቻ ከማንሳታችን በፊት ቀለሁን እንድናይ የምፈልገው።

ለጀማሪ ጥቂት ቃላት ላስተዋውቅ። መለኮሻ የምለው በቀለሁ ቂጥ መሀል የተገጠመችውን፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ ነው። ዳይ ደግሞ ተኩስ ያሰፋውን ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልሰው የብረት ቅርፅ ማስያዣ ነው። በዳዩ መሀል አንድ ዘንግ ይወርዳል፤ ፒኗ ያለችው ጫፉ ላይ ነው። ፒኗ በቀለሁ ውስጥ ባለው የእሳት ቀዳዳ አልፋ ያገለገለውን መለኮሻ ወደ ታች ገፍታ ትጥለዋለች። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ፒኗ ከዚያም ትቀጥናለች። እንዲህ የቀጠነ ብረት ትንሽ ወደ ጎን ከተገፋ መሰበሩ አያስገርምም።

መጀመሪያ እጃችሁን አቁሙ

እጀታው ከተለመደው በላይ ሲከብዳችሁ አትጫኑት። ብዙ ፒን የሚሰበረው «ትንሽ ብጫነው ያልፋል» በሚባልበት ቅጽበት ነው። ከተሰበረም በኋላ እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች እየደጋገማችሁ አትሞክሩት።

ብዙ ደረጃ ባለው፣ ቀለሁን በራሱ እያዞረ በሚሠራ ፕሬስ ላይ ነገሩ ከባድ ነው። ፒኗ መሰበሯን ካላወቃችሁ አሮጌው መለኮሻ በቦታው እንዳለ ቀለሁ ይቀጥላል። ቀጣዩ ደረጃ አዲሱን፣ ያልተተኮሰውን መለኮሻ ከአሮጌው ላይ ሊያስገባ ይገፋል። መለኮሻ ደግሞ የተሠራው ሲጨፈለቅ እንዲነድድ ነው። በዚህ ፕሬስ የምትሠሩ ከሆነ መለኮሻ ስታስገቡ የሚሰማችሁን ስሜት እመኑት። እንቢ ካለ እንቢ ነው፤ አቁሙና እዩ።

ወደ ጥገናው ስትገቡ ባሩዱንና ያልተተኮሱ መለኮሻዎችን ከጠረጴዛው ላይ አንሱ። መነጽር አድርጉ። የተሰበረ ፒን ቁራጭ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ቀለሁ ምን ይላል?

ፒን የሰበረውን ቀለህ ወደ ክምሩ አትመልሱት። ለብቻው አስቀምጡትና በአፉ በኩል ትንሽ ባትሪ አብሩበት። ወደ ታች ተመልከቱ።

መሀል ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ቀለሁ የተለመደው ዓይነት ነው። በእሷ ፈንታ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ግራና ቀኝ ሆነው መልሰው ካዩዋችሁ ግን ጥፋተኛው ተገኘ። ይህ የበርዳን ቀለህ ይባላል። መሀሉ ላይ ቀዳዳ የለውም፤ ፒኗ የምታርፈው ድፍን ብረት ላይ ነው። ወይ ትጎብጣለች ወይ ትሰበራለች። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ሁለቱም ንድፎች እ.ኤ.አ. በ1866 የተመዘገቡ ናቸው። ሁለት ቀዳዳ ያለው የአሜሪካዊው የሃይረም በርዳን ነው፤ አንድ ቀዳዳ ያለው የእንግሊዛዊው የኤድዋርድ ቦክሰር። ዛሬ ግን አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት በአብዛኛው የእንግሊዛዊው ነው፤ የአሜሪካዊው ከአሜሪካ ውጭ በስፋት ይዞራል። የበርዳን ቀለህ በተለመደው ፒን አይሠራም። ለይታችሁ አውጡት።

ቀዳዳዋ አንድ ከሆነች ሌላ ነገር ፈልጉ። ከመሬት የተለቀመ ቀለህ ውስጥ ጠጠር ይገባል። ትንሽ ቀለህ ከትልቅ ቀለህ ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል። ቀለህ ለማጽዳት የሚያገለግለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ የእሳት ቀዳዳውን ይወትፈዋል። የወታደር ጥይት ሲሆን ደግሞ መለኮሻው እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ተጨፍልቆ ይታሰራል፤ ሲወጣ ከሌላው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። እርጥበት አግኝቶት የዛገም እንደዚያው ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። አንዳንድ ቀለሆች የእሳት ቀዳዳቸው 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለትክክለኛ ዒላማ ተኩስ በሚሠሩ ጥራት ያላቸው ቀለሆች ላይ ይህ ያጋጥማል። በዓይን ሲታይ ደህና ነው፤ የተለመደው ፒን ግን አያልፍበትም። የእነሱ ፒን ለብቻው ይሸጣል።

የተሰበረው ቁራጭ የት እንደገባ ሳታውቁ አትቀጥሉ። ቀለሁን ገልብጣችሁ አራግፉት። ቁራጩ የእሳት ቀዳዳው ውስጥ ተሰንቅሮ ከቀረ እኔ አልታገለውም። ቀለሁን በፒንሳ ጨፍልቄ እጥለዋለሁ። አንድ ቀለህ ለማዳን ብሎ ብረት የቀረበትን ቀለህ መሙላት የሚያዋጣ ነገር አይደለም።

ፒኗን መቀየር

ዘንጉን ከዳዩ አናት የያዘውን ዳዶ አላሉና ዘንጉን አውጡት። ከዚህ በኋላ ሥራው እንደ ዳዩ ዓይነት ይለያያል። በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው እንደ አርሲቢኤስ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት ነው። ፒኗ እንደ ምስማር ትንሽ ጭንቅላት አላት፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ በጥርስ የምትታሰር ቆብ ትይዛታለች። ዘንጉን በሞርሳ ያዙት፤ የሞርሳው ጥርስ እንዳይበላው ግን ቆዳ ወይም እንጨት በመሀል አድርጉ። ቆቧን በፒንሳ ፍቱ። ሲከፈት የተሰበረችው ፒን ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። አንዳንዴ ተጣብቃ አልወጣ ትላለች፤ ቆቧን ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ትወድቃለች። ጥርሱን በብሩሽ አጽዱ። አዲሷን ፒን ከቆቧ ውስጥ ጨምሯት፤ ጭንቅላቷ ከውስጥ ይቀራል፣ ሹሏ ከታች ይወጣል። ከዚያ ቆቧን በእጅ እስከ መጨረሻው አጥብቁና በፒንሳ ትንሽ ጨምሩላት። ትንሽ ነው ያልኩት። ከልክ በላይ ከታሰረች በሚቀጥለው ጊዜ ለመፍታት ዘንጉን ታጣምማላችሁ።

ሁለተኛው ሊ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዓይነት ነው። እዚህ ዘንጉና ፒኗ አንድ ወጥ ብረት ናቸው። ዘንጉን አናት ላይ ያለች ዳዶ ጨምቃ ትይዘዋለች። ጉልበት ሲበዛበት ከመሰበር ይልቅ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ «ፒኑ ተሰበረ» ከማለታችሁ በፊት ዘንጉ ወደ ላይ ሸሽቶ እንደሆነ እዩ። ከሆነ ወደ ቦታው መልሳችሁ ማሰር ብቻ ነው። በእርግጥ ከተሰበረ ወይም ከጎበጠ ሙሉ ዘንጉ ይቀየራል። ዳዶዋን በሁለት መፍቻ፣ አንዱ ዳዩን ይዞ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እኔ ካሰርኩ በኋላ ዘንጉ ከዳዶዋ በሚወጣበት ቦታ ላይ በማርከር መስመር አደርጋለሁ። መስመሩ ከዳዶዋ ሲርቅ ዘንጉ መንሸራተቱን በአንድ እይታ አውቃለሁ።

አዲስ ፒን ከመግጠማችሁ በፊት ዘንጉን መስታወት ላይ አንከባሉት። ጫፉ እየተወዛወዘ ከዞረ ጎብጧል። በጎባጣ ዘንግ ላይ አዲስ ፒን መግጠም አዲሱን ለመስበር ቀጠሮ መያዝ ነው።

ከፍታውንና መሀሉን ማስተካከል

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ፒኗ ከዳዩ አፍ በታች ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ብትወጣ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው፤ መለኮሻውን ገፍታ እስክትጥል ድረስ ብቻ። ከመጠን በላይ ከወረደች ፒኗን የያዘችው ቆብ የቀለሁን ወለል ትመታለች። ያኔ ዘንጉም ይጎብጣል፣ ፒኗም ትሄዳለች። የዳያችሁ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ተከተሉ።

መሀሏን ለመያዝ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የዘንጉን ዳዶ ላላ አድርጋችሁ ተዉት። መለኮሻው የወጣለትና ንጹሕ የሆነ፣ ትንሽ ቅባት የነካው ቀለህ ፕሬሱ ላይ አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ወደ ዳዩ አስገቡት። ፒኗ ቀዳዳዋን ራሷ ትፈልጋለች፤ ዘንጉም ከቀለሁ ጋር ይሰለፋል። ቀለሁ እዚያው እንዳለ ዳዶውን እሰሩ። ቀለሁን ስታወርዱት ዘንጉ በራሱ መሀል ተቀምጧል።

የቀለህ መያዣውንም ጥረጉት። ከስሩ ትንሽ ባሩድ ወይም የብረት ብናኝ ከገባ ቀለሁ ያዘነብላል፤ ፒኗም የቀዳዳውን ጠርዝ ትመታለች።

ሙከራውን በሦስት ባዶ ቀለሆች ጀምሩ። ምንም ሳይነካ ሲያልፍ ካያችሁ የተተኮሰ መለኮሻ ያለባቸውን ሁለት ሦስት ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ለመለኮሻው አንድ ለስላሳ «ጠቅ» ይሰማል። ጆሯችሁ ያንን ድምፅ ይልመደው። ያልተተኮሰ መለኮሻ ያለበትን ቀለህ ግን እዚህ ሥራ ውስጥ አታስገቡት።

ስለ ፒኗ ጫፍም ልናገር። አንዳንዴ ፒኗ ሳትሰበር መለኮሻው ይጣበቅባትና ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይሳባል። ጫፏ ሻካራ ወይም የተሰነጠረ ስለሆነ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያዋን ለስለስ፣ ጫፏን ትንሽ ክብ ማድረግ ይበቃል።

ፒን ጠፍቶ በቤት መሥራት የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ። ምስማር ለስላሳ ነው፤ ይጎብጣል። ከተሰበረ የመሰርሰሪያ ፑንታ ግንድ የሚሠሩ አሉ። ውፍረቱ በካሊፐር ተለክቶ ከእሳት ቀዳዳው ከቀጠነ ለዕለቱ ያስኬዳል፤ ለወትሮ ግን የፋብሪካውን እመርጣለሁ። የብረቱ ጥንካሬ ለዚሁ ሥራ የተመረጠ ነው፤ አምስት ትርፍ ፒን ከዳዩ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥም ቦታ አይወስድም።

አሁን እኔ ክምሩን ሳልነካ በፊት ማግኔት አዞርበታለሁ። ናስ አይያዝም፤ የብረት ቀለህ ግን ይለጠፋል፣ ከእነዚያም ብዙዎቹ በርዳን ናቸው። የናስ በርዳንም ስላለ የቀረውን በባትሪ አያለሁ። መለኮሻ ማውጣቱን ደግሞ ለዚያ ብቻ በተሠራ ዳይ ለብቻው እጨርሳለሁ፤ ዘንጉ ወፍራም ነው፣ አንገት ማስፊያም የለበትም። ስጨርስ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። የተተኮሰ መለኮሻ ጥላሸት እርሳስ አለበት፤ ከመታጠቤ በፊት ምግብ አልነካም።

ማታ ዳዩን ወደ ሳጥኑ ስመልስ ፒኗን በጣቴ ጫፍ እነካታለሁ። ቀጥ ብላ ካለች ክዳኑን እዘጋለሁ፤ ዘንበል ካለች እዚያው እቀይራታለሁ።