ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዱባ ዳቦ አብሱ፦ የሃሎዊን ምሽት ከልጆች ጋር

ልጄ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ጠንቋይ መሆን እችላለሁ?» አለችኝ። እናቴ ሶፋው ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ቀና አላለችም፣ አማተበች ብቻ። ሃሎዊን፣ ልጆች ጠንቋይና መንፈስ መስለው ለብሰው ቤት ለቤት ከረሜላ የሚጠይቁበት ምሽት፣ ቤታችን የገባው እንዲህ ነው።

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ቀን ማምለጥ አይችልም። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ነው፣ ማርያም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ ስትመለስ የጎረቤት ልጆች አጽም መስለው ደጃፍ ላይ ይጠብቋታል። በዓሉን ወደዚህ አገር ይዘው የመጡት በተለይ የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። ስሙም የመጣው ኖቬምበር 1 ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ቤት ለቤት መዞሩን ደግሞ እኛም በቡሄ እናውቀዋለን። ልዩነቱ፣ የቡሄ ልጆች ለሙልሙላቸው ይለፋሉ። ዱላ እየደቁ፣ ባለቤቱን እያሞገሱ፣ ሆያ ሆዬ ሲሉ ድምፃቸው ይዘጋል። እዚህ አንድ «ትሪክ ኦር ትሪት» (ስጡን፣ አለዚያ እንተናኮላችኋለን) ከረጢት ይሞላል።

ማክበር አለማክበር የየቤቱ ጉዳይ ነው፣ አልገባበትም። ጠንቋይና መንፈስ የማይፈልግ ቤተሰብ ስለ ዱባና ስለ መኸር ብቻ የሚያወሩ መጻሕፍት ሞልተውለታል። እኔ ያገኘሁት መላ አንድ ምሽት፣ ሁለት መጽሐፍና ትኩስ ዳቦ ነው። ተረታችንስ የሚያልቀው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ አይደል?

1. መጽሐፉን ቀድማችሁ ያዙ

የሃሎዊን መጻሕፍት ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ከላይብረሪ መደርደሪያ ይጠፋሉ። ስለዚህ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሂዱ፣ ወይም በኢንተርኔት ሆልድ አድርጉ፣ ማለት ለእናንተ እንዲቀመጥ አስይዙ። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አሥር ብትወስዱ ልጁ አንዱን መርጦ አሥር ጊዜ ነው የሚያስነብባችሁ።

2. መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡት

ይህን የምለው ተቀጥቼ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ድመት አይቼ ያመጣሁት መጽሐፍ መጨረሻው መቃብር ቦታ ሆኖ ተገኘ። ያውም በመኝታ ሰዓት። ልጄ ሦስት ሌሊት እኔ አልጋ ላይ አደረች፣ እኔ ጠርዝ ላይ።

ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ደማቅ ቀለም ያለው፣ ቃላቱ የሚደጋገሙ፣ ጭራቁ በመጨረሻ የሚሸነፍ መጽሐፍ ፈልጉ። ከአምስት ዓመት በላይ ያሉት ትንሽ መደንገጥ ይወዳሉ፣ ግን ድንጋጤው በሳቅ ማለቅ አለበት።

እኔ ቤት ገጻቸው የተቀዳደደው ሁለት ናቸው። አንዱ የኤድ ኤምበርሊ «ጎ አዌይ፣ ቢግ ግሪን ሞንስተር» ነው። ገጾቹ የተበሱ ስለሆኑ በገለጣችሁ ቁጥር በጭራቁ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ጥርስ። ከመሀል ጀምሮ ደግሞ ልጁ «ሂድ!» ባለ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠፋል። አባራሪው ልጁ ራሱ ነው። የፊት ክፍሎችን በአማርኛ ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሁለተኛው የሊንዳ ዊሊያምስ «ዘ ሊትል ኦልድ ሌዲ ሁ ዋዝ ናት አፍሬድ ኦቭ ኤኒቲንግ» ነው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ። አንዲት አሮጊት በጫካ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጫማ፣ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ጓንት፣ ባርኔጣ፣ በመጨረሻም የዱባ ጭንቅላት ይከተላታል። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅና እንቅስቃሴ አለው። መጨረሻው ላይ አሮጊቷ የምታመጣው መላ የገጠር ሰው መላ ነው። እናቴ እንኳን ስትሰማው «ብልህ ናት!» ብላለች።

3. አትተርጉሙ፣ ተርቱ

የእንግሊዝኛውን መስመር ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሳችሁ ብታነቡ ልጁም ይሰለቻል፣ እናንተም ትደክማላችሁ። ሥዕሉን እያያችሁ በራሳችሁ አፍ ተርቱት። እንዲህ ጀምሩ፦

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ልጆቹ ይህቺን መልስ ከለመዱ ሌላው ቀላል ነው። ጫማው ኳ ኳ ይበል፣ ሱሪው ይወዛወዝ፣ ጓንቱ ያጨብጭብ። ድምፁን ለልጆቹ አከፋፍሉ፣ ታናሿ ኳ ኳ፣ ታላቁ ጭብጨባ። ጭራቁን በአያ ጅቦ ድምፅ አነብንቡት፣ ማንም አይከሳችሁም።

ሰዓቱ ከእራት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ዋናውን መብራት አጥፉና በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሻማ አብሩ። እውነተኛ ሻማ ከልብስና ከትናንሽ እጆች አጠገብ አይሆንም። ገጹን የሚገልጠው ልጁ ይሁን። ማየት ያልፈለገውን ገጽ ያዘገያል፣ ወይ ሁለቱን አንድ ላይ ይገልጣል፣ እናንተም አይታችሁ እንዳላያችሁ ሁኑ። ዝም ካለ፣ ጆሮውን ከያዘ፣ ወይም ድንገት ሽንቴ መጣ ካለ ፈርቷል ማለት ነው። መጽሐፉን ዝጉና ወደ ሊጡ ሂዱ።

4. የዱባ ሙልሙል

ሊጡን ከማንበባችሁ አንድ ሰዓት በፊት አቡኩት። እያነበባችሁ ኩፍ ይላል።

የሚያስፈልገው፦ 3 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ፣ ግማሽ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ 1 ፓኬት እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። የቆርቆሮ ዱባ ከገዛችሁ ጽሑፉን አንብቡ፣ ለፓይ ተብሎ ስኳርና ቅመም የገባበትም ጎን ለጎን ይሸጣል። እሱን አይደለም።

እርሾውን በውሃውና በስኳሩ በጥብጡና አረፋ እስኪያወጣ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ሌላውን ሁሉ ጨምሩና ለስልሶ እጅ መያዝ እስኪተው እሹት። ዱባው ውሃ ከበዛበት ዱቄት ጣል አድርጉበት። ሸፍናችሁ ሙቅ ቦታ አስቀምጡት።

ተረቱ ሲያልቅ ሊጡን አሥራ ሁለት ቦታ ክፈሉና ለልጆቹ ስጧቸው። ያድቦልቡሉት፣ በመዳፋቸው ጠፍጠፍ ያድርጉት። ከዚያ እናንተ በቢላዋ ከጠርዙ ወደ መሀል ስምንት ቦታ ሰንጥቁት፣ መሀሉን ሳትነኩ። ሲጋገር ያብጥና ቁጭ ዱባ ይመስላል። አናቱ ላይ እንደ ግንድ አንዲት የተላጠች የዱባ ፍሬ ሰኩበት፣ የትንንሾቹን ግን ተዉት። ሃያ ደቂቃ አሳርፉትና በ375 ዲግሪ ፋራናይት ለ18 ወይም 20 ደቂቃ ጋግሩት።

እንቁላልም ወተትም የለበትም። በልቤ ያሰብኩት እናቴን ነው፣ ጥቅምት የጽጌ ጾም ወቅት ነውና። ጠንቋዩን ብትጠላውም ዳቦውን ትበላለች።

5. ጊዜ ከሌላችሁ

መንደሪን ላጡና አናቱ ላይ አጭር የሰለሪ ቁራጭ ሰኩበት፣ ዱባ ሆነ። ሙዝ ለሁለት ቁረጡና አቁሙት፣ በሁለት የቸኮሌት ፍንጣሪ ዓይን ሥሩለት፣ መንፈስ ሆነ። ሙዙ ስለሚጠቁር ልትበሉ ስትሉ ሥሩት።

የዱባውን ፍሬ አትጣሉት። እጠቡት፣ ጨው ባለው ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቅሉት፣ በደንብ አድርቁት። ዘይት ነካ አድርጋችሁ በ350 ዲግሪ፣ እያገላበጣችሁ፣ ወርቃማ እስኪሆን ቁሉት። ለቡናም ይሆናል።

ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፈንድሻ፣ ሙሉ ፍሬ፣ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ አትስጡ፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የሌላ ሰው ልጅ ቤታችሁ ካለ ስለ አለርጂ ወላጁን ጠይቁ። አንዳንድ ደጃፍ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ የተቀባ ዱባ ታያላችሁ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተለመደ ምልክት ነው፣ «እዚህ የማይበላ ስጦታም አለ» ማለት ነው። እርሳስ፣ ተለጣፊ ሥዕል፣ እንዲህ ያለ ነገር። እኛም የአለርጂ ችግር ያለባት አንዲት ልጅ ካጋጠመችን በኋላ ማስቀመጥ ጀምረናል።

6. ዱባ ስትገዙ

ፊት የሚቀረጽበት ትልቁ ዱባ ውሃ ነው፣ ለወጥም ለዳቦም አይጥምም። ለማብሰያ ትንሹንና ጠንካራውን ግዙ። የተቀረጸውንም ከደጅ አንስታችሁ ወጥ ላድርገው እንዳትሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሻማና አቧራ ሲጠጣ ያደረ ነው። እኔ አምና መጣሉ ትንሽ ቆጭቶኝ ሁለት ቀን ደረጃው ላይ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ሽኮኮዎቹ ከአፍንጫው ጀምረው ግማሹን በልተውታል። ልጄ በመስኮት አይታቸው «እማዬ፣ አፋቸውን አበሱ!» አለች።