ገብሱን ዋኖስ በላችው ወይስ አይጥ?

መንዝ ውስጥ ገብስ ሲጎድል ዋኖስ ቶሎ ነፃ ትወጣለች። ድምጿ ደስ ይላል፣ የዋህ ናት ይባላል። አይጥ ግን ምስክር ሳይሰማባት ይፈረድባታል። ሁለቱን ስናወዳድር የምንሳሳተውም ከዚሁ ተነስተን ነው።

አንዱ ስህተት ዋኖስን ከርግብ ማምታታት ነው። በአንኮበር ገደል የምትውለው አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አትገኝም። የደጋዋ ዋኖስ ግን ጠቆር ያለች ግራጫ ናት፤ በአንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት አላት።

ሌላው ስህተት አይጥ ሁሉ የሌሊት ናት ማለት ነው። የደጋ ሣር ውስጥ የምትኖረው የሐበሻ የሣር አይጥ ቀን ትወጣለች። የመንዝ ደጋ በሆነው ጓሳ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ቁጭ ብሎ ማየት ነው! እንግዲህ ቀን የተበላ ሁሉ የወፍ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ዱካ ሳያዩ መፍረድ ነው። ዋኖስ ጥርስ የላትም፤ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ እየለቀመች እንዳለ ትውጣለች። ስለዚህ አውድማ ዳርና አዲስ የተዘራ ማሳ ላይ ብትጠረጠር አልከራከርም። የሣር አይጥ ደግሞ ቅጠልና አገዳ ትቆርጣለች፤ የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ። ገብሱ ከሥሩ ተቆርጦ፣ በሣሩ መካከል ቀጭን መንገድ ወደ ጉድጓድ ሲሄድ ካዩ የእሷ ነው። የአፈር ቁልል ካለ ግን ፍልፈልን ይጠርጥሩ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ጫጩት ማሳደጉንም እንዳትረሱት። አይጥ ጡት ታጠባለች፤ ዋኖስ ሁለት እንቁላል ገደማ ትጥልና እናትም አባትም ከአንገታቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት የሚወጣ ወተት መሰል ነገር ይመግባሉ። ወተት ግን አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት የተመረዘ ገብስ መበተን ነው። «ለአይጥ ነው» ቢባልም ቀድማ የምትለቅመው ዋኖስ ናት። መርዙን የበላች አይጥም ሜዳ ላይ ስትንገዳገድ ጭልፊትና ቀይ ቀበሮ ያገኟታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለችው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ቁጥሯም ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ጓሳ ላይ የምትኖረው ደግሞ በዋናነት አይጥ አድና ነው።