የመጀመሪያዎቹን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ታሪክ ስናስተምር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የአሜሪካን ታሪክ የሚያስተምሩ ጀማሪ መምህራንን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስከታተል፣ ፕሬዚዳንቶቹን ገና ከመነሻው ሥልጣናቸው የታወቀና ወንበራቸው የተደላደለ ሰዎች አድርገው ሲያቀርቧቸው እሰማለሁ። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1776 በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን መዝለል። ነጻነት የታወጀው በ1776፣ ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው በ1787፣ ዋሽንግተን በኒው ዮርክ ከተማ ቃለ መሐላ የፈጸመው ደግሞ ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ሲዘለሉ፣ አገሪቱ ግብር የመጣል ሥልጣን በሌለው ኮንግረስ ትተዳደር እንደነበርና ሕግ የሚያስፈጽም ፕሬዚዳንት እንዳልነበራት ልጆቹ ሳያውቁ ይቀራሉ። ስለዚህ ሹመቱ ለምን እንዳስፈለገም ሆነ ከንጉሥ ገና የተላቀቀ ሕዝብ ለምን እንደፈራው አይገባቸውም።

ዋሽንግተን በልጅነቱ የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ ሳይዋሽ አመነ የሚለው ተረት ይቅር፤ ሜሰን ዊምስ የተባለ ቄስና መጽሐፍ ሻጭ ዋሽንግተን ከሞተ በኋላ ያሰራጨው ነው። የእንጨት ጥርስ ነበረው የሚባለውም እንዲሁ ተረት ነው። ዋይት ሃውስ ውስጥም ዋሽንግተን አልኖረም፤ መጀመሪያ የገባበት በ1800 ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ግን አዳምስና ተቀናቃኙ ቶማስ ጄፈርሰን የተፋለሙበትን የ1800ን ምርጫ በዛሬው ሕግ ማስረዳት ነው። አንድ መምህር ሰሌዳው ላይ «ጄፈርሰን 73፣ አዳምስ 65» ብሎ ጻፈና አሸናፊውን አክብቦ አለፈ። አንዲት ልጅ መጽሐፏን እያየች «ታዲያ አሮን በርም 73 አግኝቷል፤ እሱስ?» ብላ ብትጠይቀው «እሱ ምክትል ነው» ብሎ ገጹን ገለጠ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ እንዲህ ሲባክን ማየት ያንገበግባል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ወኪል መራጭ (ክፍለ ግዛቱን ወክሎ ፕሬዚዳንት የሚመርጥ ሰው) ፕሬዚዳንትና ምክትል ብሎ ሳይለይ ለሁለት ሰዎች ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ያገኘው ፕሬዚዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል። በ1796 በዚህ ሕግ አዳምስ በ71 ድምፅ ሲያሸንፍ 68 ያገኘው ተቀናቃኙ ጄፈርሰን ምክትሉ ሆነ። በ1800 የአዳምስ ወገን አንዱን ድምፅ ለጆን ጄይ በመስጠት የሁለቱን ዕጩዎቹን እኩል መሆን ሲያስቀር፣ የጄፈርሰን ወገን ይህን ባለማድረጉ ጄፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 አገኙ። ጉዳዩ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አንድ ድምፅ ይዞ፣ የተቋጨው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1801 በ36ኛው ዙር ነው። ይህን ያላስተማረ መምህር ፕሬዚዳንትና ምክትል በተለያየ ድምፅ እንዲመረጡ ያደረገው፣ በ1804 የጸደቀው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለምን እንደመጣ ማስረዳት አይችልም። መላው ደግሞ ቀላል ነው፦ ስምንት ልጆችን ወኪል መራጭ አድርጉ፤ አምስቱን ከአንዱ ወገን፣ ሦስቱን ከሌላው መድቡና የየወገናቸውን ሁለት ዕጩዎች እንዲጽፉ እዘዙ። አምስት ለአምስት ሲወጣ ማሻሻያውን ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ባርነትን እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ምዕራፍ ማቆየት። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሬዚዳንቶች ሰው በባርነት ያልያዘው አዳምስ ብቻ ነው። ብዙዎች ልጆቹ ይከብዳቸዋል ብለው ይሸሹታል፤ እኔ ግን በዋሽንግተን ቤት በባርነት ተይዛ የነበረችውን የኦና ጀጅን ታሪክ በቀላሉ እንደሚረዱት አይቻለሁ። የያኔዋ ዋና ከተማ ፊላደልፊያ በምትገኝበት በፔንሲልቬኒያ ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው በባርነት ያመጣቸው ሰዎች ስድስት ወር ከቆዩ ነጻ ሊወጡ ይችሉ ነበር፤ ዋሽንግተን ቀኑ ሳይሞላ ከግዛቱ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። ኦና በ1796 ፊላደልፊያ ከሚገኘው የፕሬዚዳንቱ ቤት አምልጣ ኒው ሃምፕሻየር ገባች። ዋሽንግተን በጋዜጣ የታተመውን የስንብት መልእክቱን ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሯቸው። (መልእክቱ በጽሑፍ የወጣ እንጂ በንግግር የቀረበ አይደለም።) ልጆችን ባሪያና ጌታ አድርጎ ማስመሰል ግን ፈጽሞ አይደረግም።

ዋሽንግተን ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ እንዳይቆይ ሕግ ከልክሎት ነበር ማለት። ልማድ ነበር፤ ሕግ የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ከተመረጠ በኋላ፣ በ1951 ነው።

በመጨረሻም ስማቸውን በተርታ በማስቆጠር ብቻ መፈተን አለ። እኔ የምጠይቀው «አዳምስ በ1801 ተሸንፎ ሥልጣኑን ያለ ጦርነት ያስረከበው ለምን ይመስልሃል?» ብዬ ነው። አዳምስ በተተኪው ቃለ መሐላ ላይ ሳይገኝ በማለዳ ከከተማ መውጣቱን ጠቅሶ ሁለት ምክንያት ለሚያቀርብልኝ ልጅ፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ፕሬዚዳንቶች፣ ማዲሰንንና ሞንሮን፣ ቢያቀያይራቸውም፣ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።