ፊደልን በፕሮጀክተር እንዴት ማስተማር ይቻላል? ለአንደኛ ክፍል እጩ መምህራን

ለተግባር ልምምድ አንደኛ ክፍል የተመደበ እጩ መምህር ፕሮጀክተር ይዞ የሚገባው ብዙ ጊዜ ሱፐርቫይዘሩ ሊያየው በሚመጣበት ቀን ነው። ልጆቹ ማሽኑን ሲያዩ ፊደሉ ይረሳል፣ ክፍለ ጊዜውም ገመድ ሲፈታ ያልቃል። ፕሮጀክተር ፊደል ለማስተማር የሚጠቅመው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ የማይችሉትን ሲሠራ ብቻ ነው፤ ፊደሉን አግዝፎ ሲያሳይ፣ የተቀጠለውን ምልክት በቀለም ሲለይ፣ ልጁም ብርሃኑን እየተከተለ ሲጽፍበት። ለዚህ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 12 ደቂቃ ይበቃል። ቀሪው በአፍና በደብተር ይሠራል።

እዚህ የቀረበው አካሄድ ጎንደር ውስጥ ሃምሳ ስልሳ ልጅ ለሚቀመጥበት ክፍል ነው። ለምሳሌ የተወሰደው የ«በ» ዘር ነው። ሰባቱንም አሳዩ፣ አስብሉ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ የምታጽፉት ግን «በ»፣ «ባ» እና «ቦ»ን ብቻ ይሁን።

ዕቃ

3,000 ሉመን (የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮጀክተር፣ ላፕቶፕ፣ ገመድ፣ ዲቫይደር፣ ቢያንስ 10 ሜትር ማራዘሚያ፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ሁለት ሜትር ያህል ነጭ አቡጀዲ፣ ስድስት ፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ሁለት ወፍራም ማርከር፣ በእጅ የተጻፉ ሰባት የፊደል ካርዶች። ገመዱን ከመዋሳችሁ በፊት የማሽኑን ጀርባ እዩ። አሮጌው ፕሮጀክተር ቪጂኤ የሚባለው የገመድ መሰኪያ ብቻ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ብቻ ይኖረውና ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በኪስ የሚያዙት ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ሳጥናቸው ላይ የተጻፈውን የሉመን ቁጥር አትመኑት፤ በቀን ብርሃን አይታዩም።

ካርዶቹ ለመብራት መጥፋት ናቸው። «ዛሬስ አይጠፋም» ብሎ ያለ ካርድ የሚገባ ሰው ጎንደር አልኖረም።

በዋዜማው ክፍሉን ማየት

መሪ መምህራችሁን አስፈቅዱ፣ ማሽኑን ከንብረት ክፍል ፈርማችሁ ውሰዱና በዚያው ክፍል፣ በዚያው ፈረቃ ሞክሩት። ጠዋት ላይ ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ትገባለች፣ ከሰዓት በምዕራብ። በሌላው ፈረቃ የተሞከረ ማሽን ምንም አይነግራችሁም። መሸፈን ያለበት ምስሉ ከሚያርፍበት መጋረጃ (ከአቡጀዲው) አጠገብ ያለው መስኮት ብቻ ነው፤ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ ይበቃል። የኋላውን ክፍት ተዉት። ክፍሉ ጨርሶ ሲጨልም የአንደኛ ክፍል ልጆች ይጮኻሉ፣ አንዳንዶቹ ይፈራሉ፣ እናንተም ከኋላ ማን ማንን እንደሚቆነጥጥ አታዩም።

አቡጀዲውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወጥሩትና ታችኛውን ጫፍ በዘንግ አክብዱት። ክፍሉ ነጭ ሰሌዳ ካለው ደግሞ ባዶውን አትጠቀሙበት። ያንጸባርቅና ከፊት በጎን የተቀመጡት ልጆች ፊደል ሳይሆን የሚያበራ ነጥብ ያያሉ።

1.5 ሜትር ስፋት ላለው ምስል ተራ ፕሮጀክተር ከመጋረጃው ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ይርቃል። ማሽኑን ከፍ ለማድረግ ደብተር ከፊቱ እግር ሥር ብቻ አስገቡ። ሆዱ ሥር የገባ ደብተር የአየር መሳቢያውን ይደፍነዋል፣ ማሽኑም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞቆ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

ጎንደር ላይ ሌላም የሙቀት ጣጣ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፣ አየሩም ስስ ስለሆነ የማሽኑን ሙቀት እንደ ቆላ አየር ጠርጎ አያወጣም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሠሩ መከፈት ያለበት «ሃይ አልቲቲውድ» የሚባል ማስተካከያ ሜኑአቸው ውስጥ አላቸው። ክፈቱት። ማራገቢያው ፈጥኖ ይዞራል፣ ድምፁም ይጨምራል። ጉድለት አይደለም።

እዚያው ሜኑ ውስጥ ምስሉ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚላከው የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ከእናንተ በፊት የተጠቀመው ሰው «ሪር» (ከኋላ) ላይ ትቶት ከሆነ ምስሉ እንደ መስተዋት ይገለበጣል። ሌላ ትምህርት ላይ ወዲያው ይታወቃል። ፊደል ላይ ግን ተንኮለኛ ነው፤ «ባ» ሲገለበጥ «ቦ»ን ይመስላል፣ «ሳ»ም «ሶ»ን። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሞክሩት ስላይድ አንድ ፊደል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ስላይዱ

በራሳችሁ ላፕቶፕ ያማረው ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ከመጣ ችግሩ ፎንቱ ነው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት የሚጋሩት ኮድ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር አይነበብም። እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፤ ሲያልቅ እያንዳንዱን ስላይድ ወደ ሥዕል ለውጣችሁ እንደገና ባዶ ፓወርፖይንት ላይ ለጥፉት። ሥዕል ፎንት አይጠይቅም። ወደ ፒዲኤፍ መለወጥም ያስኬዳል፤ ግን በፓወርፖይንት ምስሉን በአንድ ቁልፍ ማጥፋት ይቻላል፣ እሱን ደግሞ አጥብቃችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ቅጥያውን በቀለም ለመለየት «ቡ»ን በቀይ ጻፉ፣ በላዩ ላይ በእኩል መጠን ጥቁር «በ» አስቀምጡ። ጥቁሩ ቀዩን ይሸፍነዋል፣ ከጎን የወጣችው ምልክት ብቻ ቀይ ሆና ትቀራለች። «ቢ» እና «ቤ»ም እንዲሁ ይሠራሉ። «ብ» ላይ ምልክቷ በግራ ስለሆነች ጥቁሩን ፊደል በአቅጣጫ ቁልፎች ትንሽ ወደ ቀኝ መግፋት ያስፈልጋል። ለ«ባ» እና ለ«ቦ» ግን ይህ ዘዴ አይሆንም። እነሱ ላይ ምልክት አይቀጠልም፣ አንዱ እግር ከሌላው ይረዝማል እንጂ። ረጅሙ እግር ጎን ቀይ ቀስት አድርጉና እለፉ።

ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ፎቶ ይበቃል፤ በግ፣ ቡና፣ ቢላ፣ ባጃጅ፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦርሳ። ፎቶውን ከኢንተርኔት ከመውሰድ በስልካችሁ አንሱት። ልጁ ከአራዳ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያየው ባጃጅ ከሌላ አገር ባቡር ይሻለዋል። የሚንቀሳቀስ፣ የሚሽከረከር፣ እየዘለለ የሚገባ ፊደል አታድርጉ። ልጆቹ ሲስቁ ትምህርቱ የገባቸው ይመስላል፣ ግን ያዩት ዝላዩን ነው። ድምፅም ከላፕቶፕ አትጠብቁ፤ በስልሳ ልጅ መሃል አይሰማም፣ የእናንተ አፍ ይሻላል።

ለመጠን፦ ከ8 ሜትር ርቀት የሚነበብ ፊደል መጋረጃው ላይ ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ይህ ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። አዲስ ፊደል ለሚማር ልጅ 40 ሴንቲ ሜትር አድርጉት።

በብርሃን ላይ ማስጻፍ

ሥራው ያለው እዚህ ነው፣ የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

ፍሊፕ ቻርቱን አግድም አድርጋችሁ አቡጀዲው ላይ ለጥፉት፤ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሰባት ዓመት ልጅ እጁን ሳይንጠራራ የሚጽፈው እስከ 1.30 ሜትር ግድም ነው። ወረቀቱ ድርብ ይሁን፣ አለበለዚያ ማርከሩ አልፎ አቡጀዲውን ያበላሻል። ከዚያ ስላይዱ ላይ ያለውን ፊደል ወረቀቱ ግራ ግማሽ ላይ እስኪያርፍ በማውስ ጎትቱት። የቀኙ ግማሽ ባዶ ይቆይ። ሁሉም ሲገጥም የወረቀቱን አራት ማዕዘኖች አቡጀዲው ላይ በፕላስተር፣ የጠረጴዛውን እግሮች ደግሞ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በማግስቱ ጠረጴዛው አንድ ስንዝር ቢንቀሳቀስ ፊደሉ ከወረቀቱ ይወጣል፣ ያኔ ማስተካከል ስትጀምሩ ክፍሉ ያመልጣችኋል። ለጽሕፈት ያዘጋጃችሁትን ስላይድ ወደ ሥዕል የምትለውጡት ይህ ሁሉ ከገጠመ በኋላ ነው።

ጥላውስ? በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ ከፊደሉ በስተግራ ይቆማል፣ እጁን ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ማሽኑ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ከሆነ ጥላው ወደ ግራ ይወድቃል፣ ፊደሉም ነጻ ይሆናል። ምስሉ የተንጋደደ እንደሆነ ኪስቶን በሚባለው ማስተካከያ አቅኑት፤ ብዙ ከጎተታችሁት ግን ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ከመሃል ብዙ አትራቁ። ግራኝ ልጅ ሲወጣ በሌላው ጎን ይቁም፤ ጥላ ቢያስቸግረውም እጅ አታስቀይሩት።

ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሆነው ይታወቃል፤ የፊት ረድፍ ልጆች እጃቸውን ብርሃኑ ውስጥ ከትተው ጥንቸልና ውሻ ይሠራሉ። አትከልክሏቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ ስጧቸው፣ ሁሉም በየረድፉ ይሞክር፣ ከዚያ «እጅ ዴስክ ላይ» በሉ። ከተከለከለ ግን ክፍለ ጊዜው በሙሉ በስርቆት ጥላ ያልቃል። የማያወላዳው ሕግ አንድ ነው፤ ማንም ፊቱን ወደ ሌንሱ አያዞርም። ጽፎ የጨረሰ ልጅ በጎን በኩል ይመለስ።

ቀጥሎ ፊደሉን አሳዩ፣ ድምፁን አስብሉ፣ ሁሉም በጣቱ አየር ላይ ይጻፍ። እዚህ ብዙ እጩ መምህር ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ ይጽፋል። የእናንተ ቀኝ ለነሱ ግራ ነው፤ «ባ»ን ጻፍኩ ስትሉ እነሱ «ቦ»ን ይቀዱላችኋል። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ፣ ከብርሃኑ ወጣ ብላችሁ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጻፉ።

አሁን ልጅ ይውጣ። «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ከሚለው ጩኸት መሃል አትምረጡ። ስድስት ስም አስቀድማችሁ በወረቀት ያዙ፣ ሁለቱ እጃቸውን ከማያወጡት የኋላ ረድፍ ልጆች ይሁኑ። የመጀመሪያው ልጅ ብርሃኑን ተከትሎ በማርከር ይጻፍ። መስመሩ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። ሲጨርስ የኪቦርዱን «ቢ» (B) ቁልፍ ተጫኑ፤ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆን አለበት። ምስሉ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ላይ የልጁ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ወዲያው ሁለተኛውን ልጅ ጥሩና በቀኙ ባዶ ግማሽ ላይ ያለ ብርሃን ያንኑ ፊደል ይጻፍ።

ይህን ሁለተኛ ልጅ የሚዘሉት ይበዛሉ፣ የመጀመሪያው ያምራልና። ብርሃን መከተል ግን መሳል ነው። ልጁ የትኛው እግር እንደሚረዝም ሳያስተውል መስመሩን ብቻ ተከትሎ ሊጨርስ ይችላል። «ባ» ይሁን «ቦ» ማወቁ የሚታየው ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ በሚጽፈው ነው። ከተሳሳተ አታጥፉት፤ «ቢ»ን እንደገና ተጫኑ፣ ብርሃኑ ይመለስ፣ ሁለቱን አስተያይቶ ራሱ ያርመው።

ሦስቱ ፊደሎች ሲያልቁ ማሽኑን ዝጉና ደብተር አስወጡ።

መብራት ሲጠፋ

ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ አይቀጥልም። መጀመሪያ የፕሮጀክተሩን ገመድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ማሽን የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል ነው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከሆነ አታንሱት፣ አታንቀሳቅሱት፤ ማራገቢያው ስለቆመ አምፖሉ እንደጋለ ነው። ቢሮ ውስጥ ሥራ የፈታ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለ ለምኑ፤ ለማስተማር ባይበቃም አምፖሉን ለማቀዝቀዝ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ትምህርቱን ካርዶቹንና የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ይዛችሁ ቀጥሉ። መብራቱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢመለስም እንደገና አትክፈቱት፤ የልጆቹን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ትሰብራላችሁ።

ዕቅዱና መዝጊያው

በዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ የመርጃ መሣሪያ ረድፍ ላይ «ፕሮጀክተር» ብሎ መጻፍ ለሱፐርቫይዘር ምንም አይነግረውም። ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ደቂቃ፣ ለምን ሥራ፣ ከጠፋ ምን እንደሚተካው ጻፉ።

ሲያበቃ በሪሞቱ ዝጉት፣ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀሉ። ሌንሱን በነጠላ ወይም በሶፍት አትጥረጉት፣ በመነጽር ጨርቅ እንጂ። የጠመኔ ብናኝ ባለበት ክፍል ማጣሪያው ቶሎ ስለሚደፈን ማሽኑን ስትመልሱ ለንብረት ክፍሉ ንገሩት። ወረቀቶቹን ልጆቹ ስማቸውን ጽፈውባቸው ግድግዳው ላይ ለጥፏቸው፤ ያልወጡት ልጆች በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይወጣሉና የስም ዝርዝሩን አትጣሉት።