ወደ ቪዛግ ለምትመጡ፦ ስለ ወበቁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ባሕሩ

እንኳን ደህና መጣችሁ። የሕንዷ ከተማ ቪሳካፓትናም ስሟ ረጅም ነው፤ ሰው ሁሉ ቪዛግ ይላታል። አብዛኞቻችሁ የሰማችኋት በአንድራ ዩኒቨርሲቲ በኩል ይሆናል። ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚመጣ ሐበሻ እዚህ አዲስ አይደለም። ስለ ምዝገባውና ስለ ቪዛው የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ስለ አየሩ ግን «ይሞቃል» ብሎ የሚያልፈው ይበዛል፤ ይህ ደግሞ ለኑሮ አይበቃም።

ከተማዋ ያለችው በሕንድ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ከኋላዋ ምሥራቃዊ ጋትስ የሚባሉት ተራሮች አሉ። አንዳንዶቹ ኮረብቶች እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳሉ። ዶልፊንስ ኖዝ የሚባለው ትልቅ አለት ወደ ባሕሩ ገብቶ ወደቡን ከማዕበል ይከልላል። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወርዳችሁ ባሕር ጠለል ላይ ነው የምታርፉት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ቢበዛባችሁ አትደንግጡ። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወበቁ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው «እኔ ሙቀት አውቃለሁ» ብሎ ነው የሚመጣው። ስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥርም ያው ነው፤ በሜይ ወር ቀኑ ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ላባችሁ ይተንና ያቀዘቅዛችኋል። እዚህ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቧል፣ ላቡ አይደርቅም። ገላችሁን ታጥባችሁ ሳትለብሱ እንደገና ያልባችኋል። ሌሊቱም አያሳርፍም፤ በሜይ 27 እና 28 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ ከዲግሪው ጎን ያለውን የእርጥበት መቶኛም ተመልከቱ።

ከዚህ የሚከተል አንድ የገንዘብ ምክር አለኝ። ሱቅ ውስጥ «ኩለር» የሚባል፣ ውሃ ተሞልቶ የሚነፍስ ርካሽ ዕቃ ታያላችሁ። እንዳትገዙት። የሚያቀዘቅዘው ውሃ በማትነን ስለሆነ ለደረቅ አገር ነው የሚሠራው፤ እዚህ ክፍሉን ይብስ ያረጥበዋል። ወይ ጥሩ የጣሪያ ፋን፣ ወይ አቅም ካለ ኤሲ። ቤት ስትከራዩ መጨረሻ ፎቅ ላይ ያለውን ሽሹ፤ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት እናንተ ላይ ነው የሚተፋው። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል፣ ወደ ምሥራቅ መስኮት ያለው ክፍል ያንን ያገኛል። ነፋሱ በተቃራኒው ከምዕራብ፣ ከየብሱ በኩል ከነፈሰ ግን ያን ቀን ከቤት አትውጡ። 40 የሚያልፈው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

የአገሬው ሰው ከሜይ ማብቂያ እስከ ጁን መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ሮሂኒ ካርቴ ይለዋል። የድንጋይ ሙቀጫ የሚሰነጠቅበት ፀሐይ ነው ይላሉ። በዚያ ሰሞን የምታዩትን አድርጉ፦ ሥራ በጠዋት፣ ቀትር ላይ ጥላ፣ ማታ ባሕር ዳር። በጁን ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ስለሆነ ጠዋቱ ረጅም ነው። ማጂጋ የሚባለውን ጨው ያለበት የአሬራ መጠጥ ልመዱ፤ የኮኮናት ውሃም በየመንገዱ አለ። ዐቢይ ጾም ደግሞ ሙቀቱ በሚጀምርበት ወቅት ላይ ነው የሚውለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል እዚህ እንደ አገር ቤት ቀላል አይደለም፤ ሌሊቱን በደንብ ጠጡ፣ ሕመም ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር።

ዝናቡ በጁን ይገባል። ሽታውና ቅዝቃዜው ክረምትን ያስታውሳችኋል። ነገር ግን የእኛን አቆጣጠር እዚህ አትመኑት። እኛ ጋ መስቀል ሲመጣ ዝናቡ ይወጣል፣ አደይ ይፈነዳል። ቪዛግ ላይ ከባዱ ዝናብ የሚመጣው ከመስቀል በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አምጪ ነፋስ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፤ ሳይክሎን የሚባለው ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የሚወለደውም ከዚያ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበርን በደንብ ያዙ፣ ሜይም አልፎ አልፎ ያመጣል። ሁድሁድ የተባለው ሳይክሎን ኦክቶበር 12 ቀን 2014 (በእኛ ጥቅምት 2 ቀን 2007) በቀጥታ ከተማዋን መታ። የአየር ማረፊያው ጣሪያ ተገነጠለ፣ ዛፍ በየመንገዱ ወደቀ፣ መብራት ለቀናት ጠፋ።

የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ቀይ ሲወጣ «የዝናብ ነገር ነው» ብላችሁ አትናቁት። ባልዲ ሁሉ በውሃ ሙሉ፤ መብራት ከሄደ ፓምፑም አይሠራም። ስልክና ፓወር ባንክ ቻርጅ አድርጉ፣ ፓስፖርትና ዶክመንት በፕላስቲክ ጠቅልሉ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቤተሰብ ዜናውን ቀድሞ ሊሰማ ይችላልና ኔትወርክ ሳይጠፋ ደውሉ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

እርጥበቱ ቤት ውስጥም ይገባል። የቆዳ ጫማና ቀበቶ ይሻግታል፣ መጽሐፍ ይጨማደዳል። ከአገር ቤት ያመጣችሁትን በርበሬና ሽሮ በደንብ በሚገጥም ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሊጥ ግን ደስ ይለዋል! በሙቀቱ ቶሎ ይቦካል፣ በሁለተኛው ቀን ካልጋገራችሁት ይኮመጥጣል። ጤፍ ካለቀ አትጨነቁ፤ ገበያ ላይ ራጊ የሚሉት የእኛው ዳጉሳ ነው፣ ጆና የሚሉት ደግሞ ማሽላ። ሁለቱም ከሩዝ ዱቄት ጋር ተቀላቅለው ደህና እንጀራ ይወጣቸዋል።

ትንኙ ሁለት ዓይነት ነው። የወባው ማታ፣ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የሚያስተላልፈው በቀን ይነክሳል፤ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ የሚቀባ መድኃኒትም ያስፈልጋል። ባልዲና የአበባ ማስቀመጫ ላይ ውሃ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አትተዉ፤ ለሳይክሎን የሞላችሁትንም ክደኑት። ትኩሳት ካለ ራሳችሁን ሳታክሙ ደም ተመርመሩ። በዴንጊ ጊዜ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ።

ባሕሩ ያምራል፣ አርኬ ቢች የሚባለው የከተማዋ ባሕር ዳርቻ ማታ ማታ ሰው በሰው ነው። ግን ብዙው ሰው የሚገባው እስከ ቁርጭምጭሚት መሆኑን አስተውሉ። ታቹ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ሞገድ አለው፤ ሐይቅ ላይ ዋና መልመድ እዚህ ዋስትና አይሆንም። በየዓመቱ ሰው ይወስዳል፣ ብዙዎቹም ወጣቶች ናቸው።

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ግን ሌላ አገር ነው። ሌሊቱ 18 እና 19 ዲግሪ ይደርሳል፣ ገናና ጥምቀት በጥሩ አየር ይውላሉ። የደጋ አየር ሲናፍቃችሁ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አራኩ ሸለቆ አለ። ባቡሩ በብዙ ዋሻዎች አልፎ ወደ ተራራው ይወጣል፣ እዚያ ቡና ይበቅላል፣ ጠዋት ጭጋግ አለ። ጃኬት ያዙ፣ ወባ ስላለበትም የትንኝ መድኃኒቱን አትርሱ። የዲሴምበርና የጃንዋሪን ትኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፤ በእነዚያ ወራት ቅዳሜና እሑድ የከተማው ሰው ሁሉ ወደዚያው ነው።